ቤቱን ሳይሆን ቀኑን ጠይቁኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከባህር ዳር

እንኳን አደረሳችሁ! ሃምሳው ውስጥ ነን፣ ረቡዕም አርብም ጾም የለም፣ እኔም እንደ ሁላችሁም ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ ለቅቄያለሁ። የደረሱኝ ጥያቄዎች ግን ግማሾቹ በሁዳዴ የተላኩ ናቸው፣ መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ባለፈው እትም "ጎጃም ውስጥ የበላችሁበትንና የተናደዳችሁበትን ቤት ጻፉልኝ" ብዬ ነበር፣ የጻፋችሁልኝ ባብዛኛው የተናደዳችሁበትን ነው። የቤቶቹን ስም ከደብዳቤዎቹ ላይ ሰርዣለሁ፣ ለምን እንደሆነ ታች ታነባላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ከአዲስ አበባ ነኝ። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ ጋር ለሁለት ቀን ባህር ዳር እንመጣለን። ምርጥ አሳ ሚሰራ አንድ ቤት ብቻ ንገረኝ፣ ሎኬሽኑን ብትልክልኝ ደሞ በጣም አመሰግናለሁ። ባለፈው መጥተን የበላነው አሳ ካርቶን ካርቶን ነበር ሚለው፣ ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች፣ "ጣና ጣና ስትል የከረምከው ይሄን ነው?" እያለች።

መልስ፦ ሎኬሽን አልልክልህም፣ ተናደድክ አይደል? ንፉግ ሆኜ አይደለም። ከሁለት አመት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ቤት ወድጄ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያወራሁ ስንቱን ላክሁበት መሰለህ። ባለፈው ጥር እንግዳ ይዤ ማታ ሁለት ሰአት ላይ ሄድኩ። ቤቱ ያው ነው፣ ታፔላው ያው ነው፣ ያ እግሩ ሚንገዳገድ ጠረጴዛ እንኳን ያው ነው። አሳው ሲመጣ ጠርዙ ጥቁር፣ መሀሉ ደረቅ፣ ሁለቴ ዘይት ያየ ነገር። አስተናጋጁን "ይሄ የዛሬ ነው?" ስለው "አሁን የወጣ ነው" አለኝ፣ ከየት እንደወጣ ግን አልነገረኝም። ለካ ስትሰራ የነበረችው ሴትዮ ከለቀቀች አመት ሆኗታል። እጅ ይሄዳል፣ ታፔላ ይቀራል። አሁን ቤት ብጠቁምህ አንተ እስክትመጣ እጁ ሌላ ሰፈር ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቀንና ሰአት ልንገርህ፣ እሱ አይለቅም።

አሳ የምሳ ምግብ ነው። ማታ የተጣለ መረብ ሚነሳው ጠዋት ነው፣ ጀልባውም የደንገል ታንኳውም ዳር ሚደርሰው ያኔ ነው፣ ከዛ ታርዶ ታጥቦ ወደ ምግብ ቤቶቹ ይሰራጫል። አንተ ከአምስት ሰአት ተኩል እስከ ሰባት ሰአት ባለው ከተቀመጥክ የጠዋቱን ትበላለህ፣ ማታ ከመጣህ ግን የፍሪጁ እድለኛ ነህ። ጾም ላይ አሳ ይበላል አይበላም ሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ ለንስሀ አባትህ ተወው፣ ግን ክርክሩ በራሱ ለበላተኛ ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አሳ በማይበላበት ሳምንት አሳው ይቆያል፣ ሰው በሚሻማበት ሳምንት ደሞ አይቆይም። አሁን በሃምሳው ሁሉም ስጋ ላይ ነው፣ ስለዚህ አሳ ያዘዝክበት ቤት ቀኑን ሙሉ አሳ ሚወጣበት መሆኑን አይተህ ግባ፣ ዙሪያህ ያሉት ጠረጴዛዎች ላይ የአሳ አጥንት ከሌለ አንተም ጥብስ እዘዝ።

አሳ ብለህ ብቻ ደሞ አትዘዝ። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ነጭ አሳ አለ። ቆሮሶ እንደ መዳፍ ሰፋ ያለው ነው፣ አጥንቱ ትልልቅ ስለሆነ ለመብላት አይቸግርም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበላ ሰው እሱን ነው ማዘው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው፣ ስጋው ሰባ ያለ ነው፣ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ቅርፊት ስለሌለው አይነኩትም፣ እናትህን ይዘህ ከመጣህ ሳትጠይቅ እንዳታዝ። ነጭ አሳ ጣእሙ ከሁሉም ይጥመኛል፣ ግን እንደ መርፌ የቀጠነ አጥንት በየስጋው መሀል ተሰግስጓል፣ እያወራህ ምትበላው ነገር አይደለም። ደሞ ክረምት ሲገባ ይሄ አሳ እንቁላል ለመጣል ከሀይቁ ወደ ጉማራና ርብ ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣል፣ አስጋሪውም የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቀዋል፣ በዛ ምክንያት ቁጥሩ በጣም ነው የቀነሰው፣ ከዚህ ዘር ውስጥ ከጣና በቀር አለም ላይ የትም የሌሉ ብዙ አሉ። እኔ ከሀምሌ እስከ ጥቅምት አላዘውም፣ አንተ እንደ ህሊናህ።

ሲያመጡልህ ሳይጠበስ አሳዩኝ በል፣ ሀይቁ ዳር ያሉት ቤቶች ይሄን ለምደውታል፣ አይከፋቸውም። አይኑ ጎላ ብሎ ያብረቀርቃል፣ ጆሮው ስር ስትገልጠው ቀይ ነው፣ በጣትህ ስትጫነው ተመልሶ ይሞላል። አይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ጭጋግ የመሰለ ነገር ከሸፈነው፣ አመስግነህ ሽሮ እዘዝ። ጥሩ ከሆነ "ሙሉውን ተተልትሎ ይጠበስ" በል፣ እስከ አጥንቱ ድረስ ስለሚሰነጠቅ ዘይቱ ውስጡ ይገባል፣ ዳርና ዳሩ ኩርምት ይላል፣ ሎሚ ታንጠባጥብበትና በሚጥሚጣ ነክረህ ነው፣ ሹካ ሚባል ነገር እንዳላይ። ጉላሽና ወጥ ግን የምታውቀው ቤት ካልሆነ ይቅርብህ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ብዙ ገመና ይሸፍናል። ለባለቤትህ ደሞ ጉንጩን ስጣት፣ ከጭንቅላቱ በጣት ተፈልቅቆ ሚወጣ ትንሽ ስጋ አለ፣ እሱን ከቀመሰች አትስቅብህም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ፣ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ነኝ፣ ቲክቶክ ላይ የምግብ ቤት ሪቪው እሰራለሁ፣ ብዙም ፎሎወር የለኝም ግን እወደዋለሁ። አንድ ትንሽ ሽሮ ቤት ገብቼ ሽሮው እየፈላ ሲመጣ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ስጀምር ባለቤቷ ሮጣ መጥታ በሰፌድ ከደነችውና "ከገቢዎች ነው የላኩሽ?" አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ አፈርኩ፣ ሳልበላ ከፍዬ ወጣሁ። እኔ እኮ ላስተዋውቅላት ነበር። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ተባርሬያለሁ፣ ያውም ሁለቴ። እሷም አላጠፋችም፣ አንቺም ክፉ አላሰብሽም፣ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለባብጦብሻል።

በመጀመሪያ የገቢዎቹን ነገር አትናቂው፣ ትንሽ ቤት ከፍታ ምትሰራ ሴት ስልክ ይዞ ሳህን ሚቆጥር ሰው ስታይ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? ሁለተኛው ግን የጠለቀ ነው። እኛ አገር እኮ ምግብ ሲቀርብ ተከድኖ ነው ሚቀርበው፣ መሶብ ክዳን ያለው በምክንያት ነው፣ አያቴ እንግዳ ፊት ወተት ስታሳልፍ በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ያልተበላ ምግብ ላይ አይን አይንከራተትም። አንቺ አይን ብቻ ሳይሆን ካሜራ ደቀንሽበት፣ እሷ የፈራችው ስንት ሺህ አይን እንደሚያየው አስቢው። አምነሽበትም ባታምኚበትም ቤቱ የሷ ነው።

እኔ ምን እንደማደርግ ልንገርሽ። መጀመሪያ ቀን ሄጄ እበላለሁ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ። ከሳምንት በኋላ እደግማለሁ፣ "ያለፈው ሽሮ እኮ አልረሳኝም ብሎ ነው የመጣሁት" እላለሁ፣ ይሄ ውሸት ከሆነ አልመለስም ነበር። ሶስተኛ ቀን ላይ ጓዳ ድረስ ብገባም ሚቆጣኝ የለም። እንዲህ ገብቼ ነው አንድ ቀን ሽሮ ምን እንደሆነ የገባኝ። ሴትዮዋ ሸክላ ድስቷን ከሰል ላይ ጥዳ፣ ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው ብቻውን ውሀውን እስኪጨርስ ትጠብቃለች፣ ከዛ ዘይት፣ ከዛ ውሀ፣ ውሀው ሲንፈቀፈቅ ሽሮውን በግራ እጇ እየነሰነሰች በቀኟ ታማስላለች፣ "አንዴ ካቆምኩ ይጓጉላል፣ አታናግረኝ" አለችኝ። ዝም አልኩ። ሽሮው ወፍራም አረፋ እያወጣ ጧ ጧ ማለት ሲጀምር እሳቱን አልቀነሰችም፣ ድስቱን ወደ ከሰሉ ዳር ገፋ አደረገችው፣ እዛ ቀስ እያለ ሃያ ደቂቃ ቆየ። ነጭ ሽንኩርትና በሶብላውን መጨረሻ ላይ ነው የጨመረችው፣ ሽታው በሩ ላይ ያሉትን ሰዎች አንገት አስጠመዘዘ። ቶሎ የደረሰ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጉሮሮ ላይ ዱቄቱ ይቀራል፣ የሷ ግን የለም። ስትበሊ ደሞ የድስቱ ጠርዝ ላይ ያረረችውን እንዳትተያት፣ በእንጀራ ፍቀሽ ነው፣ ያቺ የሽሮ ጭቅና ናት።

ሌላው፣ ስትቀርጺ እጅና ድስት ቅረጪ እንጂ ሰው አትቅረጪ። ጎንሽ የተቀመጠው ሰውዬ ከስራ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደሞ በጾም ቀን ጥብስ ፊቱ ላይ አለ፣ ቪዲዮሽን እናቱ ብታየውስ? "ከአስር ስንት" ሚባለውንም ብትተይው ደስ ይለኛል። ያቺ ሴትዮ በቀን ምትሰራው ሰላሳ ሰሀን ከሆነ፣ በቪዲዮሽ መቶ ሰው ቢመጣባት ሽሮውን ማቅጠን ነው ያላት አማራጭ፣ ከዛ መቶው ሰው "ይሄ ነው እንዴ?" ብሎ ይሄዳል፣ የድሮ ደንበኛዋም ተቀይሞ ይቀራል፣ አንቺም እኔም ምሳ ቤታችንን አጣን ማለት ነው። የቤት ስም ከደብዳቤዎቻችሁ ላይ ምሰርዘው በመጥፎም በጥሩም ለዚህ ነው። ሄደሽ ብይ፣ ሰፌዱን ታነሳልሻለች።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ ስጋ አትበላም። ባለፈው ረቡዕ በያይነት ላብላት ብዬ ደብረ ማርቆስ አራት ቤት ዞርኩ፣ ሁሉም "የለም፣ ሽሮና ቲማቲም አለ" አሉኝ። ይሄ የጾም አገር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ የጾም አገር ስለሆነ ነው'ኮ የጠፋው! በሃምሳው በያይነት መፈለግ ማለት በሁዳዴ ቁርጥ መፈለግ ማለት ነው። ባለቤቶቹን አትፍረድባቸው፣ በያይነት ማለት ስምንት ዘጠኝ ድስት ነው፣ ያን ሁሉ ሰርተው ላንተና ላክስትህ ልጅ ብቻ ሊሸጡት ነው? በሌላው ጊዜ ረቡዕና አርብ ታገኝ ነበር፣ ግን እውነተኛው በያይነት ያለው ሁዳዴ ላይ፣ ፍልሰታ ላይ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ በነቢያት ጾም ላይ ነው። ያኔ ድስቶቹ በየቀኑ ስለሚያልቁ በየቀኑ አዲስ ናቸው።

አሁን ምን ታደርጋለህ፣ ማትበላው ስጋ ብቻ ከሆነ ቅቤ ችግር ካልሆነባት እንደውም እድለኛ ናት፣ ጾሙ አልፎ ቅቤ ሚበላበት ጊዜ ላይ ነው የመጣችው። አይብ በጎመን፣ እርጎ፣ አረራ በቅመም፣ እንቁላል ፍርፍር አብላት። ቅቤም ከከለከለች "ሽሮ በዘይት" ብለህ አስረግጠህ ተናገር፣ አለዚያ በልማድ ቅቤ ጠብ ይደረግበታል፣ ወይ ቦዘና ሆኖ ይመጣና ስጋውን ስትለቅም ትውላላችሁ። ወይም ደሞ አንድ ቤት ቀን ቀደም ብለህ ሄደህ "ነገ ለአራት ሰው የጾም ስሩልኝ" በል፣ ሰው አስተባብረህ ሂድ፣ ደስ እያላቸው ይሰራሉ።

በጾም ጊዜ ስትሄድ ደሞ በያይነት ላይ ያሉትን አይነቶች አትቁጠር። አስራ ሁለት አይነት ቀርቦልኝ አስራ ሁለቱም ከአንድ ሽንኩርት ቁሌት የተቀዱ ነበሩ፣ ቀለማቸው ብቻ ነው ሚለያየው። እኔ ገና ሳልቀመጥ "ስልጆ አለ?" እላለሁ። ስልጆ የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሀ አብሮ በስሎ፣ ሰናፍጭ ምናምን ገብቶበት ቀናት ተቀምጦ ነው ሚደርሰው፣ ዛሬ ተነስተህ ዛሬ አትሰራውም። ስልጆ ያለው ቤት ባለፈው ሳምንት ስለዛሬ ያሰበ ቤት ነው፣ ተልባውም አዚፋውም አያሳፍርህም።

ጥያቄ፦ ከነቤተሰቤ በመኪና ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርገን ባህር ዳር ልንሄድ ነው፣ አራት ልጆች አሉ። የት የት ብንቆም ይሻላል? ሹፌሮች ሚበሉበት ቤት ጥሩ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ እንደምትጠይቁ እርግጠኛ ነኝ፣ ወደ ሆዳችን እንግባ።

ሲኖትራክ የተደረደረበት ቤት ጥሩ ነው ሚባለው ግማሹ እውነት ነው፣ ሲኖትራክ ሚቆመው ማቆሚያ ባለበት ነው እንጂ ቅመም ባለበት አይደለም። እኔ ማየው ሹፌሮቹ ምን እንዳዘዙ ነው፣ ሁሉም እንቁላልና ዳቦ ከያዙ እነሱም ወጡን አላመኑትም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በጊዜ ከተነሳችሁ የአባይ በረሀን ወርዳችሁ ወጥታችሁ ደጀን ላይ ቁርስ ይሆናል፣ ልጆች በዛ ጠመዝማዛ ላይ ሆዳቸው ሊገለባበጥ ስለሚችል ከበረሀው በፊት አታጥግቧቸው፣ ይሄን ምላችሁ የወንድሜን መኪና ወንበር ያጠብኩ ሰው ነኝ። ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ እዛ ምሳ። ከዛ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ እያላችሁ ትገባላችሁ።

ቡሬ ላይ ውረዱና በርበሬ እዩ። ዛላው ሚደርሰው ከኅዳር ወዲያ ነው፣ አሁን ምታገኙት የተቀመጠ ነው፣ ቢሆንም ዛላውን እንጂ ዱቄቱን አትግዙ፣ ዱቄት ውስጥ ምን እንደገባ ፈጣሪና ወፍጮ ቤቱ ናቸው ሚያውቁት። ዛላውን ጨብጣችሁ አራግፉት፣ ፍሬው ውስጡ ሲንሿሿ መሰማት አለበት፣ አንዱን ሰንጥቃችሁ ውስጡ ነጭ ወይ ግራጫ ሻጋታ ካለ ተዉት። ማርም ይሸጥላችኋል፣ "የረጋ ማር ስኳር አለበት" ሚባለውን አትስሙ፣ ንጹህ ማርም ይረጋል፣ ብርድ ሲያገኘው እንደውም ቶሎ ነው ሚረጋው። ክብሪት ነክረህ ለኩስ ሚባለውም ጨዋታ ነው፣ ያለው አንድ መንገድ ሻጩን ማወቅ ነው፣ ወይም ከነሰፈፉ መግዛት።

እንጅባራ ብርድ ነው፣ ጃኬት አውጡ። የአዊ ድንች ታዋቂ ነው፣ ከነልጣጩ ተቀቅሎ በቃሪያ ዳጣ ከቀረበላችሁ ልጆቹ ዳጣውን ትተው ድንቹን ይጨርሱላችኋል። ዳንግላ ያደግኩበት አገር ስለሆነ አድልቼ ነው ማወራው፣ የዳጉሳ እንጀራ ብሉ፣ ጠቆር ይላል፣ እንደ ጤፍ አይተጣጠፍም፣ ትኩሱን ካልበላችሁት ይሰባበራል፣ ግን በትኩሱ በቅቤና በአዋዜ! ሜኑ ላይ አይገኝም፣ ለሰራተኞቹ የተጋገረ እንዳለ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቁርጥ እወዳለሁ ግን ኮሶ እፈራለሁ። ምልክት አለው?

መልስ፦ በአይን ለይተህ ምትተማመንበት ምልክት የለውም። ኮሶ ሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ስጋ ነው፣ በደንብ ማብሰል ይገድለዋል፣ ሚጥሚጣና አረቄ አይገድሉትም፣ አጎቶቻችሁ ምንም ቢሏችሁ። የቄራ ማህተም ያለበትን ስጋ ብላ፣ ጠዋት ሂድ፣ ከሰአት የዋለ ስጋ ቁርጥ አታድርገው፣ ጥብስ ይሁን። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ ወቅጠው እየጠጡ ነበር የኖሩት፣ አሁን ፋርማሲ አለ፣ ሀኪም ያዝልሃል። በተለይ ከ55 ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ማግስት ግማሽ ኪሎ ጥሬ ለብቻህ አዝዘህ "ምግቡ መርዞኝ ነው" አትበል።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ለስራ ባህር ዳር ተቀይሬ ነው የመጣሁት። ጠላ በጣም እወዳለሁ፣ እናቴ ትጠምቅ ነበር። ጠላ ቤት ብቻዬን ብሄድ ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር ሚሉ አይጠፉም፣ ግን እነሱን ጠላ ቤት ውስጥ ነው ምታገኚያቸው። ቀልዴን ነው። ማታ አትሂጂ፣ ቀን፣ በተለይ ገበያ ቀን ሂጂ። ገበያ ቀን ከገጠር የመጡ እናቶች እህላቸውን ሸጠው አረፍ ሚሉበት ሰአት አለ፣ ከእነሱ ጎን ቁጭ በይ፣ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም፣ እንደውም ቆሎ ያካፍሉሻል። ጠማቂዋም ለገበያ ቀን ብላ ስለምትጠምቅ ትኩስ ነው ምታገኚው፣ ከገበያ በኋላ በሶስተኛው ቀን ከሄድሽ ግን የቆመጠጠ ቅራሪ ነው ሚጠብቅሽ።

እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቶ ካየሽ ጠላ አለ ማለት ነው። ግቢና "መቼ ነው የተጠመቀው?" በያት፣ በጥያቄሽ የጠማቂ ልጅ መሆንሽ ይታወቃል። ባለቤቷ ከቀዳችው ላይ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ካልሰጠችሽ እኔ ይከፋኛል፣ አሁን አሁን ይሄ እየቀረ ነው። አፍንጫሽን ጠጋ አድርጊው፣ ጋኑ በወይራ በደንብ ከታጠነ ጭሱ ከጌሾው ቀድሞ ይመጣል። ዳጉሳ የበዛበት ከሆነ ቀስ በይ፣ ሲጠጣ አይታወቅም፣ ስትነሺ ነው ሚታወቅሽ።

ጥያቄ፦ አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው እትም "ለእንጀራ እንደ አዴት ጤፍ የለም" ብለህ ጽፈሃል። እኔ የቢቸና ሰው ነኝ፣ 62 አመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር በህይወቴ አንብቤ አላውቅም። የቢቸናን ማኛ በልተህ ታውቃለህ? ካልበላህ ለምን ትጽፋለህ?

መልስ፦ አባቴ፣ በመጀመሪያ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በልቻለሁ፣ ያውም ቢቸና ድረስ መጥቼ፣ ግን የበላሁት ሆቴል ነው፣ እንጀራው ነጭ ነበር፣ አይኑም ያማረ ነበር፣ ግን አልኮመጠጠም፣ አብሲቱ በደንብ አልተጣለበትም ወይ ሊጡ ቀኑን ሳይጨርስ ተቸኩሎ ተጋግሯል። ጥፋቱ የጤፉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አዴት ያልኩት ደሞ የግብርና ምርምር ማእከሉ እዛ ስላለ እንዳይመስልዎ፣ ባለቤቴ የአዴት ልጅ ስለሆነች ነው፣ ይሄን እርስዎ ይረዱኛል ብዬ ነው። እንዲህ እናድርግ፣ እርስዎ አንድ ሃያ ኪሎ ማኛ በሚመጣ ሰው ይላኩ፣ እኔ ተመሳሳይ የአዴት እገዛለሁ፣ ባለቤቴ ሁለቱንም በአንድ እርሾ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጣድ ትጋግራለች፣ ጎረቤት ጠርተን አይናቸውን ሸፍነን እናቀምሳለን፣ ውጤቱን እዚሁ አምድ ላይ ምንም ሳልደብቅ አወጣዋለሁ። ከተረታሁ ቢቸና ድረስ መጥቼ እርስዎ ቤት እበላለሁ። ከረታሁም እመጣለሁ።